የውጅግራ ባለአደራዎች

ከወልድያ ተነስቶ ሳንቃን ያለፈ መንገደኛ የድልብን ጠመዝማዛ ሲያያዘው ቆላው ከኋላው እየራቀ፣ ነፋሱ እየቀዘቀዘ፣ ጆሮው እየተደፈነ ይሄዳል። ዳገቱ ሲያልቅ ሰፊው ደጋ ይቀበለዋል፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ በድንጋይ ካብ የተከለለ የበግ መሰማሪያ። ጋሸና ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ ደብረ ታቦር ይቀጥላል፤ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው 64 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ላሊበላ ይገባል። በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር ይህን መንገድ የሚሞላው የልደትና የጥምቀት ተሳላሚ ነው። እኔም ከተሳላሚው መካከል ነበርኩ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም ተሳልሜያለሁ። ከቤቴ ያስነሳኝ ጉዳይ ግን አሮጌ ጠመንጃና አሮጌ ጠመንጃን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ።

ሐሳቡ ያደረብኝ ስለ ሌላ አገር ሰዎች ሳነብ ነው። በእንግሊዝ አገር ከአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ወዳጆች በ1952 እ.ኤ.አ. ማኅበር አቁመዋል። ከኋላ የሚጎርሰውን የጥንት መሣሪያ የሚያጠኑትና የሚተኩሱት ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን መሠረቱ። በ1971 እ.ኤ.አ. የብዙ አገሮች ማኅበራት በአንድ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ሥር ተሰባስበው በጥንት ጠመንጃ የዓለም ሻምፒዮና ማካሄድ ጀመሩ። የሳበኝ ተኩሱ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለውን ማኅበር የሚያቆመው ከሞላ ጎደል ደመወዝ የማይቀበል ሰው ነው። ሜዳውን የሚያስከብረው፣ ዒላማውን የሚለጥፈው፣ ለጀማሪው አያያዝ የሚያስተምረው፣ የጠመንጃውን ቁጥርና የተሠራበትን ዘመን በመዝገብ የሚያሰፍረው፣ ሻዩን የሚያፈላው ሁሉ ዕረፍቱን ሰጥቶ ነው። የአያቶቹ መሣሪያ ሥራው እንዳይረሳ ይደክማል።

በዚያ ንባብ መሐል በተደጋጋሚ ያገኘሁት አንድ ጠመንጃ ነበር፤ ስናድር። ስናድር ደግሞ ያለ ላስታ ታሪኩ አይሞላም።

ጋሸና ላይ ከመኪና ወርጄ ወደ ደቡብ ተመለከትኩ። ዋድላ ነው። ከዋድላ ማዶ የዥጣ ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ደላንታ፣ ከዚያ በሽሎ፣ ከዚያ መቅደላ። በ1860 ዓ.ም. ሮበርት ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና 44 ዝሆኖች ይዞ ከቀይ ባሕር ጠረፍ ሲነሳ የጦሩ ዋና ክፍል ተከዜን ተሻግሮ ይህን ደጋ አቋርጧል። የላስታው ዋግሹም ጎበዜ አልወጋቸውም። አባቱን ዋግሹም ገብረ መድኅንን የሰቀሉበት አፄ ቴዎድሮስ ነበሩና መንገዱን ለቀቀላቸው። በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ የቴዎድሮስ ሠራዊት በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከመቅደላ አሮጌ ወደሚባለው ሜዳ ወርዶ ገጠመ። የኛ ነፍጠኛ ባሩዱንና እርሳሱን ከአፈሙዝ አግብቶ በዘንግ እየጠቀጠቀ አንዴ ሲተኩስ፣ ስናድር የያዘው ወታደር የኋላውን መዝጊያ ከፍቶ እያጎረሰ በደቂቃ አሥር ጊዜ ያህል ይተኩስ ነበር። ገብርዬ እዚያው ወደቀ። ከእሱ ጋር በመቶዎች የሚቆጠሩ ወደቁ። ከእንግሊዝ በኩል በቁስል የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ስናድር በእንግሊዝ ጦር እጅ በትልቅ ውጊያ ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ ከጋሸና ተራራ ላይ ሆኖ በዓይን ሊደረስበት በሚቃረብ ርቀት።

ቀጥሎ የሆነው ለላስታ የበለጠ መራራ ነው። ናፒየር ሲመለስ ለትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ስለ ውለታው መድፍና ብዙ መቶ ጠመንጃ ትቶለት ሄደ። ጎበዜ ግን አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ዘውድ ቢደፋም፣ በዘር ከዛጉዌ ነገሥታት እወለዳለሁ ብሎ የላስታን የጥንት ክብር ቢያነሳም፣ እንዲህ ያለ መሣሪያ አላገኘም። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አቅራቢያ ከካሣ ጋር ሲገጥም ሠራዊቱ በቁጥር ከካሣ ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። የካሣ ወታደር ግን ጥቂት ሆኖ መሣሪያ ነበረው፤ ጆን ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊም አሠልጥኖታል። ተክለ ጊዮርጊስ ተማረከ። ካሣ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ 4ኛ ተብሎ ነገሠ። የተክለ ጊዮርጊስ ባለቤት ድንቅነሽ የካሣ እኅት ነበረች፤ ባሏን ያስማረከው ወንድሟ ነው። የላስታ ሰው ልብ አልጎደለውም። ዘውዱን ያሳጣው የጠመንጃ ማነስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የዚህ አገር ሰው ለጠመንጃ ያለው ፍቅርም ያለዚህ ታሪክ በደንብ አይገባኝም።

ያ ስናድር ዛሬ ከጦር ሜዳ ወጥቷል። ቢስሊ በተባለው፣ ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንግሊዝ የተኩስ ውድድር ማዕከል በሆነው ሜዳ፣ የጥንት መሣሪያ ወዳጆች በየዓመቱ በመጸው ተሰብስበው ስናድሩን በካርቶን ዒላማ ላይ ይተኩሱታል። ጢሱ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ መዝጊያውን ከፍተው ባዶ መሆኑን ለሜዳው አዛዥ ያሳያሉ። አንዱ ወገን ያንን ጠመንጃ በክብር ሲይዘው በሌላው ወገን ያለነው እኛ ምን ይዘናል? ላስታን ያስመኘኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ከላሊበላ በስተ ምሥራቅ አሸተን ማርያምን አልፎ የሚወጣው መንገድ ወደ አቡነ ዮሴፍ ያደርሳል። ተራራው ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ጅብራው ከነፋሱ ጋር ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጭላዳው በመንጋ ተቀምጦ ሣር ይነጫል፤ ዕድለኛ የሆነ ቀይ ቀበሮም ያያል። ከዚያ በታች ባለ አንድ መንደር፣ በድንጋይ የተገነባ ባለ ሁለት ደርብ የላስታ ክብ ቤት ውስጥ፣ በአንድ የአርበኛ ልጅ ዘንድ አደርኩ። ከታች ከብቱ፣ ከላይ ሰው። ምሰሶው ላይ፣ ከመስቀሉና ከዳዊቱ ከረጢት ጎን፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተሰቅሏል።

«እሱን ለማየት ነው የመጣሁት አባቴ» አልኳቸው።

«እሱን ለማየት ከአዲስ አበባ?» አሉና ትንሽ ዝም ብለው ተመለከቱኝ። «እንግዲያስ እጅህን ታጠብ።»

ታጠብኩ። ጨርቁን ፈቱት። ውጅግራ ነው፤ የ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሥሪት፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ከሰደፍ እስከ አፈሙዝ ከአንድ ሜትር ከሠላሳ ያላነሰ። ለእኔ ከመስጠታቸው በፊት መዝጊያውን ከፍተው ጣታቸውን አስገብተው ባዶ መሆኑን አረጋገጡ፤ ከዚያ አፈሙዙን ወደ ጣሪያው አዙረው አቀበሉኝ። ቢስሊ ላይ ማንም ያላስተማራቸው ሰው ቢስሊ ላይ የሚደረገውን አደረጉ። «ባዶም ቢሆን ወደ ሰው አይዞርም» አሉ። «አባቴ በዚህ ጉዳይ በጥፊ መትቶኛል። አንዴ ብቻ፤ አንዴ በቃኝ።»

ሰደፉ ላይ ስንጥቅ ነበረ፤ ስንጥቁ በእርጥብ ቆዳ ተጠፍሮ ሲደርቅ አጥብቆ ይዞታል። ከፊት ያለው የብረት ቀለበት የፋብሪካ አይደለም፤ በመዶሻ የተቀጠቀጠ የአገር ሥራ ነው። በመዝጊያው ቤት ጎን ግን ፈረንሳይኛው ጽሑፍ አሁንም ይነበባል፤ ሴንት ኤቲየን የተባለው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስም ነው። ሽማግሌው ጠመንጃው ከዓድዋ የመጣ ነው ይላሉ፤ አያታቸው ከዋግሹም ጓንጉል ጦር ጋር ዘምተው ይዘውት እንደተመለሱ። ሊሆን ይችላል። ውጅግራ በዓድዋ ጊዜ በምኒልክ ሠራዊት እጅ በብዛት ነበረ። ከጣሊያን የተማረከ እንዳይሆን ግን ምልክቱ ይከለክላል፤ በዕለቱ ከጣሊያን የተማረከው አብዛኛው ቬተርሊ የተባለው የጣሊያኖቹ ጠመንጃ ነውና። አያትየው ይዘውት ዘምተው ይዘውት ተመለሱ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ከማረከው የራሱ ይሻላል» አሉ፤ ደስ አላቸው።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ የገባበት መንገድ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የዮሐንስ ሠራዊት የግብፅን ጦር ሲሰብር ሬሚንግተን በገፍ ተማረከ። ከዚያ በኋላ በታጁራና በኦቦክ በኩል ነጋዴው ጎረፈ። ባለቅኔው አርተር ራምቦ ራሱ በ1879 ዓ.ም. በሊየዥ የታደሱ ሁለት ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ ወደ ሸዋ መጥቶ ለምኒልክ ሸጧል። ስናድር፣ ሬሚንግተን፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ በልጅግ፤ እያንዳንዱ ስም የአንድ ዘመን ገበያና የአንድ ዘመን ጦርነት አለው። የውጅግራ ጥይትማ በየገበያው እንደ አሞሌ ጨው ለዝርዝር መገበያያ ያገለገለበት ጊዜ ነበር፤ ዶሮና በርበሬ ተገዝቶበታል።

ማታ እሳቱ ዙሪያ ስለ ቢስሊ ሰዎች አወራኋቸው። ደጋግመው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። «ጥይቱን ከወዴት ያገኙታል?»

እንደ ውጅግራው ላለ ጠመንጃ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚያመርት ትልቅ ፋብሪካ አይገኝም፤ የማኅበሩ ሰዎች ራሳቸው ይሠሩታል። ከሌላ ጥይት ቀለህ ወስደው ይቆርጡታል፣ በማሽን ጨምቀው ልኩን ያወጡለታል፣ እርሳስ አቅልጠው በቅርጽ ያፈሱታል፣ ጥቁር ባሩድ ይሞሉታል። ጥቁር ባሩድ ዛሬም የድሮው ነው፤ ከመቶ 75 እጅ ጨው ጴጥሮስ፣ 15 ከሰል፣ 10 ድኝ። ሲቃጠል ግማሹ ያህል ጢስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል፤ ጥላሸቱ እርጥበት ይስባል፤ ያን ዕለት ካልታጠበ ሙዙን ዝገት ይበላዋል። ስለዚህ ተኩሱ ካለቀ በኋላ ሁሉም ውኃ አፍልቶ ጠመንጃውን ያጥባል። በዘይት መወልወል ብቻውን አይበቃም፤ ጨውን የሚያሟሟው ውኃ ነው።

«ፍል ውኃ!» አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ። እስከዚያ ድረስ የሚሰሙ አልመሰለኝም ነበር። «የሳቸው እናት ያፈሉት እንደነበር ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሰውየው ከዱር ሲመጣ መጀመሪያ ውኃ የሚፈላው ለጠመንጃው ነው፤ ለእግሩ ኋላ ነው።»

ሽማግሌው ቀጠሉ። አባታቸው በጣሊያን ጊዜ ሲዋጉ የተተኮሰ ቀለህ አይጥሉም ነበር። ሸሽተው እንኳ ቢሆን ከመሬት ይለቅሙታል፤ ባሩድ ተገኝቶ ዳግመኛ ይሞላ ይሆናልና። «አንድ ሰው በዝናሩ አምስት ጥይት ካለው ሀብታም ነው። አምስት ጥይት ያለው ሰው ዝም ብሎ አይተኩስም። ሊስት የሚችለውን አይተኩስም።» ከቢስሊ ሜዳ ይልቅ ዒላማ መምታትን ያስተማረው ይህ ድህነት ነው። በመስከረም 1930 ዓ.ም. የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የላስታንና የዋግን ዐመፅ መርተው ሲወድቁ ጣሊያኖች አንገታቸውን ቆርጠው ለሕዝብ ማስፈራሪያ አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ በዱር የቀረው ሰው በአውሮፕላንና በመትረየስ ፊት የቆመው እንዲህ ባለ፣ በዘመኑ ስድሳ ዓመት ያለፈው ጠመንጃ ይዞ ነው። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ልጆቹም፣ እኔም፣ ከጓዳ ያሉትም ዝም ብለን ሰማን።

በየወሩ በ23 የጊዮርጊስን ጽዋ የሚጠጡ ማኅበርተኞች አሏቸው። ብዙዎቹ የአርበኛ ልጆች ናቸው። ተራው የደረሰው ደግሶ ያበላል፤ ሙሴው ጸሎቱን ያስጀምራል፤ ጠላው ከዞረ በኋላ የሞቱ አባቶችን ስም በየተራ ይጠራሉ፤ የት እንደወደቀ፣ ከማን ጋር እንደነበረ፣ ምን ይዞ እንደነበረ። ጠመንጃ አይተኮስም። ቀድሞ በለቅሶና በሠርግ ይተኮስ ነበር፤ ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው ያስተዉት። ለእኔ ግን የፈለግሁት ክለብ ይኸው ነው። መዝገብ የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ባንክ ሒሳብ የለውም። ያለ ደመወዝ የሚሠራ፣ በተራ የሚያገለግል፣ አሮጌ መሣሪያ ከነባለቤቱ ስም እንዳይጠፋ የሚተጋ የሰዎች ስብስብ ነው። ይህን ዓይነት ስብስብ ለማቋቋም እንግሊዞቹ ደንብ መጻፍና ስብሰባ መጥራት ነበረባቸው፤ ላስታ ውስጥ ደንቡ ከጽዋው ጋር ከጥንት የመጣ ነው።

በአዲስ አበባ የዚህ ትልቁ ወንድም አለ፤ የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር። የካቲት 23 በምኒልክ አደባባይ፣ የካቲት 12 በስድስት ኪሎ፣ ሚያዝያ 27 በአራት ኪሎ ሐውልት ሥር የሚሰለፉትን አዛውንት ያላየ የለም። ካባው፣ ጎፈሩ፣ ጋሻው፣ በትከሻ የተነገተው ረጅም ጠመንጃ። ከማለዳው ብርድ ጀምረው በእግራቸው ቆመው ይውላሉ። አንጋፋዎቹ አርበኞች ተራ በተራ እያረፉ ነው፤ ሰልፉን የሚሞሉት አሁን ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወጣቶች ጉዞ ዓድዋ ብለው ከአዲስ አበባ ዓድዋ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር ተጉዘዋል። ጉዟቸው ወልድያን ያቋርጥ ነበር፤ ያበላቸውና ያሳደራቸው የየከተማው ሰው ነው። በአዊ በኩልም የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. በአርበኝነቱ ዘመን የተመሠረተ ሆኖ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱን ሸልሞ ያስጋልባል። ፈረሱ ከጦርነት ወጥቶ ቅርስ ሆኗል፤ አሰጋገሩ፣ እርካቡ፣ ዜማው ከነሥርዓቱ ለልጅ ተላልፏል። ጠመንጃው እስካሁን ያላገኘው ይህን ነው። በሰልፍ ይታያል፣ ይሸለልበታል፤ የትኛው ሥሪት እንደሆነ፣ መቼ እንደገባ፣ በማን እጅ እንዳለፈ ግን በወረቀት የሚይዝለት ማኅበር ያስፈልገዋል።

መዘግየት የማይቻልበት ምክንያት አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ ለሰብሳቢዎች እየተሸጡ ነው። ውጅግራ፣ ቬተርሊ፣ ሬሚንግተን፣ ካርካኖ፣ በልጅግ ማውዘር። በአሜሪካ ሕግ እስከ 1898 እ.ኤ.አ. የተሠራ መሣሪያ በአብዛኛው እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚቆጠር እንደ ዘመናዊው አያስቸግርም። ገዢዎቹን አልወቅሳቸውም። ዝገቱን በትዕግሥት ያራግፋሉ፤ ምልክቱን ፎቶ ያነሳሉ፤ የትኛው ፋብሪካ በየትኛው ዓመት እንዳወጣው ያገኛሉ፤ ጥይቱን ሠርተው ይተኩሱታል። ስለ ብረቱ ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ። የሚያመኝ ጠመንጃው ሲሄድ ታሪኩ አብሮት አለመሄዱ ነው። ፍሎሪዳ ላይ አንድ ሰው ሰደፉ በቆዳ የተጠፈረ ውጅግራ ገዝቶ ቆዳውን እያየ ማን እንደጠፈረው ይጠይቅ ይሆናል። መልሱን የሚያውቁት በአንድ መንደር ምሰሶ ሥር የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም እያለቁ ነው።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ ላሊበላ ጦርነት አይታለች። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ መካከል የተነሳው ውጊያ ደግሞ በላስታ ተራሮች ሲሰማ ኖሯል። ተሳላሚ ቀረ፤ አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ባለ ሆቴሉ ሥራ ፈታ። እናቶች ልጆቻቸውን ቀበሩ። በዚህ ጊዜ ስለ ጠመንጃ ፍቅር መጻፍ ከብዶኝ ብዙ ጊዜ አስቀምጬዋለሁ። አንስቼ የጻፍኩት አሮጌውን ጠመንጃ ከዛሬው መለየት ለሰላምም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው። ምሰሶ ላይ የተሰቀለውና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለው ውጅግራ ጥይት የለውም፤ ሥራው ማስታወስ ነው። ክላሹን ግን ሽማግሌው ቤታቸው አያስገቡትም፤ «ያ ሌላ ነው፤ ያ የሚቆጥር ሰው አይፈልግም» ብለውኛል። ስለ መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በመላ አገሪቱ የጦር መሣሪያ ፈቃድና ምዝገባን ይደነግጋል። የጥንቱን ጠመንጃ በአግባቡ መዝግቦ፣ እንዳይተኮስ አድርጎ ወይም በሕጋዊ ሜዳ ብቻ በጥንቃቄ እንዲተኮስ አድርጎ የሚይዝ የፈቃደኞች ማኅበር በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ለከተማው ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ የላስታው ውጅግራ ግን ታሪኩን የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ባሉበት፣ ላስታ ላይ ቢቀር እመርጣለሁ።

በዚያ ጉዞ በሁለተኛው ማታ የሽማግሌው የልጅ ልጅ፣ ላሊበላ የሚማር የአሥረኛ ክፍል ልጅ፣ የሒሳብ ደብተሩን ከኋላ ገልብጦ ሠንጠረዥ ሠራልን። ማኅበርተኞቹ ዘንድ ያለውን እያንዳንዱን አሮጌ መሣሪያ ለመመዝገብ ነው። ዓምዶቹን እኔ ነገርኩት፤ የጠመንጃው ዓይነት፣ በብረቱ ላይ ያለው ቁጥርና ጽሑፍ፣ መጀመሪያ የያዘው ሰው፣ የዋለበት ጦርነት፣ አሁን ያለበት ቤት። ልጁ የፈረንሳይኛውን ፊደል አንድ በአንድ፣ ጣቱን በብረቱ ላይ እያስኬደ ገለበጠ። የመጀመሪያውን መስመር ሲጨርስ አያቱ ደብተሩን ተቀብለው አዩትና መልሰው ሰጡት።

«አንድ ጎድሏል» አሉ። «የጠገነው ሰው የታለ? ቀለበቱን የቀጠቀጠው፣ ሰደፉን የጠፈረው። እሱ ባይኖር ይህ ጠመንጃ ከዓድዋ በኋላ ማገዶ ነበር። የቀጥቃጭ ስም ማን ይጠራል ብለው ይተዉታል፤ እኔ ግን አባቴ ሲነግረኝ ሰምቻለሁ፤ ስሙን አውቀዋለሁ።»

ልጁ ማስመሪያውን አንስቶ ስድስተኛውን ዓምድ አሰመረ። አያቱ ስሙን ነገሩት፤ የአባቱንም ስም፣ ይኖርበት የነበረውንም ቀበሌ። ከዚያ በኋላ ልጁ ሌሎቹን ቤቶች ሊዞር በማግስቱ ማንን ይዞ እንደሚሄድ መማከር ጀመሩ።